ጭንቅ ሲመጣ ቀድሞ የሚነሣው ስልክ ነው፤ ጸሎት እንዴት ይቅደም?

ወለተ_ሰላም (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። «ችግርሽን መጀመሪያ ለእግዚአብሔር ንገሪ» ሲባል ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ እንሰማለን። በተግባር የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ከትዳር ጓደኛ ጋር ክፉ ቃል መለዋወጥ፣ ከሥራ ቦታ ደብዳቤ መድረስ፣ አከራይ «ቤቱን ልቀቁ» ማለት፤ ይህ ሲመጣ እጅ በቀጥታ ወደ ስልክ ይሄዳል። ለእህት ይደወላል፣ ለጓደኛ የድምፅ መልእክት ይላካል፣ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ጸልዩልኝ» ይጻፋል። ማታ ለጸሎት ሲቆም ነገሩ ለአራት ሰው ተነግሮ አልቋል፤ ለእግዚአብሔር የሚቀርበው የተረፈው እንቅልፍ ነው።

«እምነትሽን አጠንክሪ» የሚል መልስ አልፈልግም፤ እሱን አውቀዋለሁ። የምፈልገው አሠራሩን ነው። ነገሩ በደረሰበት ሰዓት በትክክል ምን ይደረጋል? ምን ይባላል፣ ለስንት ደቂቃ? ሰው ማማከርስ መቼ ይመጣል? የጸሎት መጽሐፉን ገልጦ ከማንበብ ሌላ በራስ ቃል መናገር ሲያቅትስ?

ዘነግህ

እህቴ፣ በመጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። «መጀመሪያ» ማለት «ብቻ» ማለት አይደለም። ሁለቱ የተምታቱበት ሰው ወይ ሁሉን ለሰው ይዘረግፋል፣ ወይ ደግሞ «እኔ ለአምላኬ ነግሬያለሁ» እያለ ማማከር የሚገባውን ሰው ይሸሻል። የይሁዳን ንጉሥ ሕዝቅያስን ተመልከቺ፣ 2ኛ ነገሥት 19። የአሦር ንጉሥ ዛቻ ሲደርሰው ልብሱን ቀደደ፣ ወደ እግዚአብሔር ቤት ገባ፤ ወዲያው ደግሞ ሰዎችን ወደ ነቢዩ ኢሳይያስ ላከ። ቁጥር 1 እና ቁጥር 2 ላይ ተከታትለው ያሉ ናቸው። ተራው ነው ቁም ነገሩ።

ቀጥሎ የዛቻው ደብዳቤ መጣለት። ተቀበለው፣ አነበበው፣ ወደ እግዚአብሔር ቤት ይዞት ወጣና በእግዚአብሔር ፊት ዘረጋው (ቁ. 14)። ጸሎቱ ከቁጥር 15 እስከ 19 ነው፤ አምስት ቁጥር ብቻ። እንደ እኔ ለጥያቄሽ ከዚህ የበለጠ ተግባራዊ መልስ የለም። ወረቀት የመጣ እንደሆነ (የአከራይ ማስታወቂያ፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ የባንክ ደብዳቤ) ፎቶ አንሥቶ ለጓደኛ ከመላክ በፊት ወረቀቱን ሥዕለ አድኅኖው ፊት ወይም ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ቁጥሩንና ቀኑን በድምፅ ማንበብ። «አምላኬ፣ ችግሬን አንተ ታውቃለህ» ብሎ ማለፍ ጸሎት ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ ከነገሩ ማምለጫ ነው። «ኪራዩ 12,000 ነው፣ የሚከፈለው በ30፣ እጄ ላይ ያለው 7,500፣ የጎደለኝ 4,500 ነው» ብሎ መናገር ሌላ ነው። ስም ያልወጣለት ጭንቀት ሲመሽ ይተልቃል፤ 4,500 ብር ግን 4,500 ብር ነው። ለአምላክ ዜና አይሆንበትም፤ ለሚናገረው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ዜና ነው።

አሥር ደቂቃ በቂ ነው። ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ፣ ድምፁን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ስክሪኑ ሲበራ ዓይን ይሄዳል። ቆሞ ማማተብ። አንድ ደቂቃ ያህል ዝም ማለት፤ ልብ ሲመታ የሚወጣ ቃል ከጸሎት ይልቅ ለክስ ይቀርባል። ከዚያ አቡነ ዘበሰማያት፣ ቀስ ተብሎ፤ ከዚያ አንድ መዝሙር። በመጨረሻ በራስ ቃል ሦስት ዓረፍተ ነገር፦ ምን ሆነ፣ ምን ፈራሁ፣ ምን እለምናለሁ። ሦስት ብቻ ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከትዳር ጠብ በኋላ የሚጸለይ ጸሎት ሲረዝም «እሱ እንዲህ አለኝ፣ እኔም እንዲህ አልሁት» ወደሚለው ይገባና ጠቡ በጸሎት ስም እንደገና ይካሄዳል። ምልክቱ ቀላል ነው፦ ከጸሎቱ ስትነሺ ንዴትሽ ከበፊቱ የባሰ ከሆነ ስትጸልዪ አልነበረም፣ ስትከራከሪ ነበር። እንዲህ ሲሆን የራስን ቃል አቁሞ ወደ መዝሙሩ መመለስ ነው።

ከዚያ ስልኩ ይነሣ፣ ማንም አልከለከለም። ልዩነቱ ንግግሩ ላይ ይታያል። ከጸሎት በፊት የሚደወል ስልክ «አየሽ የሠራብኝን» ይላል፤ በኋላ የሚደወለው «4,500 ብር እስከ 30 ድረስ ልታበድሪኝ ትችያለሽ?» ወይም «እስቲ ቁጭ ብለን እንነጋገር» ይላል።

አሥር ደቂቃ ከሌለስ? አለቃው ፊት ለፊት ቆሞ መልስ እየጠበቀ ከሆነ? ነህምያ 2፥4። ንጉሡ አርጤክስስ ነህምያን «ምን ትለምነኛለህ?» ሲለው «ወደ ሰማይም አምላክ ጸለይሁ» ይላል፤ ቀጥሎ ለንጉሡ ይመልሳል። በጥያቄና በመልስ መካከል ያለች አንዲት ትንፋሽ ናት። ግን ይህች ትንፋሽ ከባዶ አልመጣችም። ምዕራፍ 1 ካሴሉ ወር ላይ ይጀምርና ምዕራፍ 2 ኒሳን ላይ ነው፤ በመካከሉ አራት ወር ገደማ ጾምና ጸሎት አለ። ደግሞ የለመነውን እይ፦ የሚቆይበትን ጊዜ ቆርጦ ነገረ፣ በወንዝ ማዶ ላሉ ገዢዎች ደብዳቤ ጠየቀ፣ ለበሮቹ እንጨት የሚያወጣለትን የንጉሡን ዱር ጠባቂ አሳፍን በስሙ ጠራ። አራት ወር የጸለየ ሰው እንጨቱ ከየት እንደሚመጣ ያውቅ ነበር።

ፍኖተ_ዳዊት

ዘነግህ «አንድ መዝሙር» ብሎ ያለፈውን እኔ ልቀጥል፤ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና።

መጀመሪያ ስለ ቁጥሩ። በእኛ በኦርቶዶክሶች የጸሎት መጽሐፍ ያለው ዳዊትና ሌሎች የሚይዙት እትም ቁጥራቸው ይለያያል። መዝሙር 9 በእነሱ ዘንድ 9 እና 10 ሆኖ ስለሚከፈል ከዚያ በኋላ አብዛኛው በአንድ ይራራቃል፤ የእኛ 50 («ማረኝ» የሚለው) የእነሱ 51 ነው። ጓደኛ «መዝሙር 55ን አንብቢ» ሲል የትኛውን እንደሆነ መጠየቅ ነው። እኔ የምጠቅሰው በዳዊቱ ነው።

ዳዊት በሳምንት የሚደገመው እንዲህ ተከፍሎ ነው፦ ሰኞ 1–30፣ ማክሰኞ 31–60፣ ረቡዕ 61–80፣ ሐሙስ 81–110፣ ዓርብ 111–130፣ ቅዳሜ 131–150፤ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ። አሥር አሥሩ መዝሙር አንድ «ንጉሥ» ይባላል፤ ሰኞ ሦስት ንጉሥ ነው ማለት ነው። ችግር የደረሰበት ሰው በስሜት ተነሥቶ «ከዛሬ ጀምሮ የዕለቱን ዳዊት እደግማለሁ» ይላል፤ ሰኞን ይወጣዋል፣ ማክሰኞን ይታገለዋል፣ ረቡዕ ይተወዋል፣ ዓርብ ደግሞ 176 ቁጥር ያለው መዝሙር 118 ይጠብቀዋል። ከዚያ የሚመጣው ጸጸት ከመጀመሪያው ችግር ላይ ይደመራል። የውዳሴ ማርያም ልማድ ያላት ሰው የዕለቱን ውዳሴ ይዛ ጠዋት አንድ መዝሙር፣ ማታ አንድ መዝሙር ትጨምር። ይህ ሁለት ወር ከጸና ወደ አንድ ንጉሥ ማደግ ይቻላል፤ ያውም ከንስሐ አባት ጋር ተነጋግሮ።

ሁለተኛ፣ በራስ ቃል መናገር ላቃተው ሰው መዝሙሩ ራሱ ቅርጽ ይሰጣል። መዝሙር 12ን ውሰጂ፣ ስድስት ቁጥር ናት። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብላ ትጀምራለች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች አቤቱታ፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ ልመና፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ እምነትና ምስጋና ናቸው። ብዙ ሰው አቤቱታውን ዘሎ ከምስጋናው ይጀምራል፤ ማጉረምረም እንዳይሆንበት ይፈራል። ዳዊት ግን አልፈራም። ለአምላክ ያልተነገረ ምሬት ደግሞ የትም አይጠፋም፤ ለጎረቤት ይነገራል።

እንደ ጉዳዩ፦ በደል ከራስ ከሆነ 50። የቅርብ ሰው ከከዳ 54፤ ጠላት ቢሰድበኝ በታገሥሁ ነበር፣ አንተ ግን ባልንጀራዬ ነህ የሚለው እዚያ ነው። ፍርሃት ሲሆን 90። ልብ ሲዝል 41። መዝሙር 87ን ለብቻው እጠቅሰዋለሁ፣ ምክንያቱም በጩኸት ይጀምርና በጨለማ ይጨርሳል፤ መጨረሻው ላይ የሚበራ መብራት የለውም። እንዲህ ያለ ጸሎት በቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ መኖሩን የማያውቅ ሰው «ጸልዬ ካልቀለለኝ ጸሎቴ አልተሰማም» ብሎ ይደመድማል።

በግዕዝ የምትደግሙ ደግሞ፦ በአዘቦቱ ቀን መልካም ነው፤ በጭንቅ ሰዓት ግን የማይገባንን ቋንቋ ምላስ ሲያስኬደው ልብ ሌላ ቦታ ይሆናል። ግዕዝና አማርኛ ጎን ለጎን ያለበት ዳዊት ይሸጣል፤ ለእንዲህ ያለው ቀን እሱን ያዙ።

የጥሞና_ሰዓት

እኔ ከወንጌላውያን ወገን ነኝ፤ ስለ ንጉሥ አከፋፈሉ አሁን ነው የተማርሁት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኛ ዘንድ ያለው ድካም ትንሽ ይለያል። የራሳችን ቃል አያንሰንም፤ ይበዛል። ችግሩ ቃሉ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው፦ «ጌታ ሆይ ጣልቃ ግባ፣ በር ክፈት»። የትኛው በር? ፊልጵስዩስ 4፥6 «በነገር ሁሉ በጸሎትና በምልጃ ከምስጋና ጋር በእግዚአብሔር ዘንድ ልመናችሁን አስታውቁ» ይላል። ምስጋናውም እንደ ልመናው ተለይቶ ይነገር፤ «ስለ ሁሉም ተመስገን» ሳይሆን ባለፈው ወር የተከፈለው የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ትናንት የወረደው ትኩሳት። የጥሞና ደብተር ላላቸው አንድ ገጽ ለሁለት መስመር ይከፈል፦ በግራ የለመንሁት ከነቀኑ፣ በቀኝ የሆነው። ቀኙ ባዶ የሚቆይ ብዙ ይኖራል፤ አትሙሉት።

አሁን ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከእግዚአብሔር በፊት ወደ ሰው መሮጥ ሲባል ጓደኛን ብቻ አንቁጠር። ወደ «ነቢይ» ደውሎ «ቃል አምጡልኝ» ማለት፣ ገንዘብ አስገብቶ መልስ መጠበቅ፣ ያው ሩጫ ነው፤ መንፈሳዊ ልብስ ስለ ለበሰ ግን ማንም አይገሥጸውም። መጽሐፍ ቅዱስን ዓይን ጨፍኖ ገልጦ ጣት ባረፈበት ቁጥር መወሰንም እንዲሁ። ዳዊት ፍልስጥኤማውያንን በአንድ ሸለቆ ሁለት ጊዜ ገጠማቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ ጠየቀ፤ መጀመሪያ «ውጣ» ተባለ፣ ሁለተኛው ላይ «በኋላቸው ዙርባቸው» ተባለ (2ኛ ሳሙኤል 5)። የትናንቱን መልስ ዛሬ ቢደግመው ኖሮ ይሳሳት ነበር።

ዘነግህ

ወንድሜ፣ ያልኸው ለእኛም ይሠራል። እኛ ዘንድ ስሙ ብቻ ይለወጣል፤ ደብተራ ቤት ክታብ ለማስጻፍ የሚሄደውን አስብ።

ነርስ_በሌሊት

አጭር ነገር ልጨምር። «መጀመሪያ እግዚአብሔር» በሚል ሐኪም ቤት የሚዘገይ ሕመምተኛ ብዙ ነው። ንጉሥ አሳ በሕመሙ ባለ መድኃኒቶችን ፈለገ እንጂ እግዚአብሔርን አልፈለገም የምትለዋን (2ኛ ዜና 16፥12) ይዘው መድኃኒትን የሚኮንኑ አሉ። የተነቀፈው እግዚአብሔርን መተዉ ነው። ሕዝቅያስ ሲታመም ጸለየ፣ ተሰማለት፣ ከዚያም ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ አስደረገለት (2ኛ ነገሥት 20፥7)። ሲራክ ምዕራፍ 38 ተራውን ራሱ ያስቀምጠዋል፦ በታመምህ ጊዜ ጸልይ፣ ከበደል ተመለስ፣ ከዚያ ለባለ መድኃኒት ቦታ ስጠው፣ እሱንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነውና። አቡነ ጳውሎስም በፓትርያርክነት ዘመናቸው የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረዋል። የደም ግፊት፣ የስኳርና የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለጸበል ተብሎ አይቋረጥም። ጾምና መድኃኒት ከተጋጩ ሐኪሙንም ንስሐ አባቱንም መጠየቅ ነው፤ በራስ ሥልጣን አንዱን መተው አይደለም።

ሌላው፣ «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ የሚመላለስበት ሰው አሥር ደቂቃ ብቻውን ክፍል ዘግቶ እንዲቀመጥ አትምከሩት። ያን ሰዓት ከሰው ጋር ይሁን፤ ጸሎቱም ከሰው ጋር ይሁን፤ በዚያው ቀንም ሐኪም ይየው። ኤልያስ ሞትን ሲለምን መልአኩ መጀመሪያ ያመጣለት እንጎቻና ውኃ ነው። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ፤ ሁለተኛ ቀሰቀሰውና ደግሞ አበላው። ንግግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው (1ኛ ነገሥት 19)።

ወለተ_ሰላም (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ሦስት ነገር ቀረኝ። ግሩፕ ላይ «ጸልዩልኝ» ማለት ይቅር ነው የምትሉት? ስእለትስ? ጭንቅ ላይ ሆኖ ስእለት መሳል ወደ እግዚአብሔር መሄድ አይደለም ወይ? ደግሞ ቤት ውስጥ የሚማታ ሰው ካለ «መጀመሪያ ጸልዪ» ምን ማለት ነው?

ፍኖተ_ዳዊት

ከመጨረሻው ልጀምር። እጁን የሚያነሣ ሰው ባለበት ቤት መጀመሪያ መውጣት ነው። ሳኦል ጦር ሲወረውርበት ዳዊት ዘወር አለ፣ በዚያች ሌሊት ሸሸ፤ ሚስቱ ሜልኮል በመስኮት አወረደችው (1ኛ ሳሙኤል 19)። መዝሙር 58 ርእሱ ላይ ያ ቤቱ የተጠበቀበት ሌሊት ተጽፏል። ጸልዮአል፤ ግን እግሩ አልቆመም። «ታገሺ፣ ጸልዪ» ብሎ ወደዚያ ቤት የሚመልስ ሽማግሌ ካለ ይህን ምዕራፍ ያንብብ።

«ጸልዩልኝ» ማለት አይቅር፤ የሚቀረው ዝርዝሩ ነው። የክርስትና ስም ይበቃል። «ወለተ ሰላምን በጸሎት አስቧት» ብሎ መጻፍ ምሉዕ ነው። የባል ስም፣ የብር መጠን፣ የተባለው ቃል ግሩፕ ላይ ከወጣ ግን ሰው መጸለዩን ትቶ መፍረድ ይጀምራል፤ ነገ ስትታረቁም መልእክቱ እዚያው ነው። ዝርዝሩ የሚነገረው ለንስሐ አባት ነው፤ እሳቸው የሰሙትን አያወጡም። እዚያም ሲኬድ የራስን በደል ይዞ ነው፤ የባልን በደል ቆጥሮ የራስን ሳይጠሩ የሚወጡ አሉ። ቀኖና ከተሰጠ (ስግደት፣ ጾም፣ ምጽዋት) ቁጥሩንና ቀኑን በግልጽ መጠየቅ ያስፈልጋል። በሰንበት፣ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናትና ከቅዱስ ቁርባን በኋላ አይሰገድም፤ ይህን ሳያውቁ ጀምረው «አጓደልሁ» ብለው የሚጨነቁ አሉ።

ስእለት ላይ ቆጠብ በይ። የሳሙኤል እናት ሐና ተስላለች፣ ፈጽማለችም፤ ስእለት መልካም ነው። ነገር ግን መክብብ 5 ተስሎ ከማይፈጸም ባይሳል ይሻላል ይላል። በጭንቅ ሰዓት አፍ ከአቅም ይቀድማል፤ ደመወዟ ለወሩ የማይበቃት ሴት በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ለመውረድ ትሳልና ሦስተኛው ዓመት ላይ ትራንስፖርቱ ዕዳ ይሆንባታል። ሳትሳዪ እደሪ፤ ጠዋት መጠኑን፣ ጊዜውንና ስንት ጊዜ እንደሆነ ወስነሽ ተናገሪ፤ «በየዓመቱ» የሚለውን ቃል ደግሞ ፍሪው። አስቀድሞ የተሳለውና አልፈጸም ያለው ካለ ንስሐ አባት ዘንድ ይዞ መሄድ እንጂ ሌላ ስእለት በላዩ መደረብ አይደለም።

ከባሕር_ማዶ

እኔም አንድ ልጠይቅ። ይህ ሁሉ ክፍል ላለው ነው። በዓረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶች ክፍላቸው ቁልፍ የለውም፣ መጽሐፍና ሥዕል ማውጣት በማይቻልበት አገር ያሉም አሉ፣ የሚተኙት እኩለ ሌሊት አልፎ ነው። ለእነሱስ?

ዘነግህ

መጽሐፍ በማይያዝበት ቦታ በቃል የተያዘው ነው የሚሠራው። አቡነ ዘበሰማያት አለ። መዝሙር 22 («እግዚአብሔር እረኛዬ ነው») ስድስት ቁጥር ናት፤ በቀን አንድ ቁጥር ብትያዝ በሳምንት ታልቃለች። ቀጥሎ 12ን፣ እሷም ስድስት ናት። ሰባቱን የጸሎት ሰዓታት ልጠብቅ ማለት እዚያ አይሆንም፤ ከሥራ ጋር ማሰር ይሻላል። ጠዋት ፊት ሲታጠቡ አቡነ ዘበሰማያት፣ ዕቃ ሲታጠብ መዝሙሩ፣ መብራት ሲጠፋ ሦስቱ ዓረፍተ ነገር። ድምፅ ባይሰማም ጸሎት ነው፤ ሐና ከንፈሯን ብቻ ስታንቀሳቅስ ነው ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ያላት። ቆሞ መጸለይ ካልተቻለ ተኝቶ፣ ማማተብ ካልተቻለ በልብ።

«እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ጊዜ ለማለት መቁጠሪያ ከሌለ እጅ አለ። ከአውራ ጣት በቀር አራቱ ጣቶች ሦስት ሦስት አንጓ አላቸው፤ 12 ይሆናል። አውራ ጣት ከትንሿ ጣት ሥር ጀምሮ አንጓ ላንጓ ይሄዳል። ሦስት ዙር 36 ነው፤ ከዚያ አምስቱን ጣት አንድ አንድ ጊዜ ማጠፍ፣ 41 ሞላ። እጅ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ይቆጠራል።